የእሑድ ማታ ሆድ ቁርጠት

ልጄ 12 ዓመቱ ነበር፣ ሰባተኛ ክፍል። ሕመሙ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ የደረስነው ግን የካቲት መጨረሻ ላይ። ያ ሁሉ ወር በሁለት ሳምንት ሊያልቅ ይችል ነበር። ጊዜው የት የት እንደባከነ ልንገራችሁ። የቤታችንን ታሪክ አሳጥረዋለሁ፤ የሚጠቅማችሁ የተሳሳትንበት ቦታ ነው።

የጀመረው በሆድ ነው። ልጅ "ተጨንቄያለሁ" ወይም "ድባቴ ይዞኛል" ብሎ አይመጣም። "ሆዴን ቆረጠኝ"፣ "ራሴን"፣ "ደከመኝ" ነው የሚለው። ጭንቀት ሲበረታ ሰውነት ለመሸሽ ይዘጋጃል፦ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ አንጀት ይታወካል። ስለዚህ ቁርጠቱ እውነተኛ ቁርጠት ነው። እኛ ግን "አታስመስል" አልነው። ከዚያ ቀን በኋላ መናገሩን ተወ፤ ሕመሙ ግን አልተወውም።

ቀጥሎ ክሊኒክ። እዚህ አገር ሆዱን የሚያመውና የደከመው ልጅ ደም ተወስዶለት "ታይፎይድ አለበት" ሳይባል ከክሊኒክ መውጣቱ ብርቅ ነው። የተለመደው የዊዳል ምርመራ ከዚህ በፊት ለባክቴሪያው የተጋለጠን ሰው ሁሉ ሕመምተኛ ሊያስመስለው ስለሚችል ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ልጄ የታይፎይድ መድኃኒት ወሰደ፣ ከዚያ የአሜባ፣ ከዚያ የጨጓራ ባክቴሪያ ተብሎ የሁለት ሳምንት ክኒን። የሚገርመው፣ መድኃኒት በጀመረ ቁጥር ሦስት አራት ቀን ይሻለው ነበር። እኛ "መድኃኒቱ ሠራ" አልን። የሠራው ግን ከትምህርት ቤት መቅረቱ ነበር።

የአካል ምርመራ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። አንዴ፣ በደንብ ይሠራ። የደም ማነስ፣ እንቅርት ወይም የታይሮይድ ችግር፣ የሆድ ትላትል፣ የዓይንና የጆሮ ጉድለት፣ ልጁ ለሰከንዶች ፈዝዞ የሚቀርበት የሚጥል በሽታ ዓይነት፤ እነዚህ ሁሉ ደካማ፣ ነጭናጫ ወይም ትምህርት የማይገባው ልጅ ሊያስመስሉ ይችላሉ። ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሳው ከሆነ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ትኩሳት ወይም ደም ያለበት ሰገራ ካለ የሆድ ሐኪሙን አትልቀቁት። እነዚህ ከሌሉና የመጀመሪያው ዙር ምርመራ ንጹሕ ከሆነ ግን ሌላ ክሊኒክ፣ ሌላ ላቦራቶሪ እያላችሁ አትዙሩ።

ዓይናችንን የገለጠው የክፍል ኃላፊው መምህር ነው። የቀሪ መዝገቡን አምጥቶ ከፊታችን ዘረጋው። ሰኞ፣ ሰኞ፣ ሰኞ፣ አንዳንዴ ደግሞ ሐሙስ። ሐሙስ ተራ በተራ ተነሥተው የሚያነቡበት የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ነበር። እኛም ቤት ገብተን ቁጭ ብለን አስታወስን፦ ቁርጠቱ እሑድ ከምሳ በኋላ ይጀምራል፣ ሰኞ ማለዳ ይብሳል፣ "እሺ ዛሬ ቅር" ከተባለ አራት ሰዓት ላይ የለም። ቅዳሜ ታሞ አያውቅም። በገና ዕረፍትም አንድ ቀን አላመመውም። ታይፎይድ ቅዳሜን ለይቶ አይምርም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ መጀመር የምትችሉት ነገር ይህ ነው። አንድ የ50 ሉክ ደብተር ያዙና ለ14 ቀን ብቻ በየቀኑ አምስት ነገር መዝግቡ፦ ስንት ሰዓት ተኛ ስንት ሰዓት ነቃ፤ ምን በላ ምን ተወ፤ ትምህርት ቤት ሄደ ወይስ ቀረ፤ ከማን ጋር ምን ተጫወተ፤ ሕመም ወይም ቁጣ ካለ በስንት ሰዓት፣ ከምን በፊት። "ዛሬ ደብሮታል" ብላችሁ አትጻፉ፤ "ኳስ ሲጠሩት አልወጣም" ብላችሁ ጻፉ። ልጁ እያየ እንደ መርማሪ ፖሊስ አትመዝግቡ እንጂ ከጠየቀ አትደብቁት። እኛ ደብተሩን ይዘን ስንሄድ ሐኪሟ ከኛ ወሬ ይልቅ እሱን አነበበች።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ጉርምስና ነው ወይስ ሕመም? ልጄ ያዘነ አይመስልም ነበር፤ ቁጡ ነበር። በር ይወረውራል፣ ታናሽ እኅቱ ላይ ይጮኻል። ድባቴ በልጆችና በጉርምስና ዕድሜ ላይ ብዙ ጊዜ በእንባ ፈንታ በንዴት እንደሚገለጥ አናውቅም ነበር። "ባለጌ ሆነ" ብለን ስልኩን ቀማነው።

ባለሙያዎች የሚጠይቁት ብዙ ቢሆንም አራቱን ወላጅም ሊጠይቃቸው ይችላል። ስንት ጊዜ ሆነው? በአብዛኛው ቀን፣ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከሆነ አትጠብቁ። ስንት ቦታ ይታያል? ቤት ብቻ ከሆነ የቤት ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ቤትም ትምህርት ቤትም ጓደኛ ዘንድም ከሆነ ክብደት አለው። ከራሱ ጋር ስታወዳድሩት ምን ያህል ተለወጠ? ከጎረቤት ልጅ ጋር አይደለም፤ ከባለፈው ዓመት እሱነቱ ጋር። አራተኛው፣ እንደኔ ሚዛኑን የሚደፋው፣ ምን ምን ተወ? ኳስ ተወ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ተወ፣ አያቱ ቤት ማደር ተወ፣ ቁርስ ተወ። ልጅ አዝኖም ተናዶም ቢሆን እየተጫወተ፣ እየበላ፣ እየተማረ ከሆነ ጊዜ አላችሁ። ኑሮው እየጠበበ፣ እየጠበበ አንድ ክፍልና አንድ ስልክ ላይ ከቆመ ጊዜ የላችሁም።

ትንንሽ ልጆች ሌላ ምልክት አላቸው፤ በአጭሩ ልጥቀሰው። ሽንት መቆጣጠር ከጀመረ ቆይቶ ተመልሶ አልጋ ማርጠብ፣ ከእናት ቀሚስ አለመላቀቅ፣ አንድ የሚያስፈራ ነገር በጨዋታ ደጋግሞ መሥራት። መናገር ጀምሮ የነበረ ሕፃን ቃላት ከጠፉበት ደግሞ በማንኛውም ዕድሜ ቢሆን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፣ በዚያው ሳምንት ሐኪም ይየው። መፈናቀልና ጦርነት ያየ ልጅ መጀመሪያ ላይ ቢባንን አይገርምም፤ አንድ ወር አልፎም ካልተወው ግን ባለሙያ ያስፈልገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአእምሮ ሕመሞች ሲሶው ከ14 ዓመት በፊት፣ ግማሹ ደግሞ ከ18 ዓመት በፊት ይጀምራሉ። "ሲያድግ ይተወዋል" የምንለው ልክ በሚጀምርበት ዕድሜ ላይ ነው ማለት ነው።

ታኅሣሥና ጥር የስህተት ወራት ነበሩ። ትልቁ ስህተት ርኅራኄ መስሎን ያደረግነው ነው፦ "እስኪሻልህ ቤት ሁን።" ጭንቀት ከሚፈራው ነገር በራቀ ቁጥር ወዲያው ቀለል ይላል፣ አእምሮም "የዳንኩት ስለሸሸሁ ነው" ብሎ ይይዘዋል። በሚቀጥለው ሰኞ ፍርሃቱ ይጨምራል። ሦስት ሳምንት ቤት የቆየ ልጅ መመለሱ ሦስት ቀን ከቀረ ልጅ እጅግ ይከብዳል፤ ያመለጠው ትምህርትና "የት ነበርክ?" የሚለው ጥያቄ ሌላ ተራራ ሆኖ ይጠብቀዋል። የፊተኛው ግትርነታችንም አልጠቀመም። ጎትቶ መውሰድም፣ መተውም፣ ሁለቱም ከሽፈዋል። መንገዱ በመካከላቸው ነው፤ እደርስበታለሁ።

ሌላው የሰው መድኃኒት ነው። አንድ ዘመድ ለእንቅልፍ የታዘዘላትን አሚትሪፕቲሊን "ግማሹን ስጡት" አለችን። አልሰጠነውም፤ በዚያን ጊዜ ካደረግናቸው ጥቂት ትክክለኛ ነገሮች አንዱ ነው። መጠኑ ሲያልፍ የልብን ምት የሚያዛባ መድኃኒት ነው፤ ለልጅ ደግሞ "መጠኑ አለፈ" የሚባለው ሩቅ አይደለም። አሜሪካ ያለች አክስቱ ከረሜላ የሚመስል ቪታሚን ላከች፤ እሱ አልጎዳም፣ አልጠቀመምም፤ አንድ ወር ብቻ በላብን።

ጸበልም ወሰድነው። በዚህ አልጸጸትም፤ የምጸጸተው "ጸበሉ ሳያልቅ ሐኪም ቤት የለም" ብለን አንዱን ለሌላው እንቅፋት ማድረጋችን ነው። በኋላ የነፍስ አባታችንን ስንጠይቃቸው "ሐኪሙንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ ሁለቱንም ያዙ" አሉን። ጸበል ቦታ የሚያገለግል ሰው መድኃኒት አቁሙ ካላችሁ ወደ ራሳችሁ ካህን ሂዱ። ጾምን በተመለከተ ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ በቀን አንዴ የሚወሰድን መድኃኒት ሰዓቱን ማስተካከል ይቻላል፣ ተደብቆ የተዘለለን መድኃኒት ግን ማንም ሊያስተካክለው አይችልም።

ጥር መጨረሻ ላይ ልጄ "ባልኖር ይሻል ነበር" አለ። እራት ላይ፣ እንደ ዋዛ። ባለቤቴ "አፍህን ያዝ!" አለች፣ እኔ ዝም አልኩ። ሁለታችንም ተሳስተናል። ስለ ሞት መጠየቅ ሐሳቡን ልጅ ላይ አይተክልም፤ ብዙዎቹ እንዲያውም ስለተጠየቁ ይቀልላቸዋል። በማግስቱ ብቻችንን ሆነን እንዲህ ጠየቅሁት፦ "አባዬ፣ ትናንት ያልከውን ሰምቻለሁ፣ አልተቆጣሁም። መሞት ያስመኝሃል? ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ? እንዴት እንደምታደርገው አስበሃል?" ሦስተኛው ጥያቄ ከባድ ነው፤ ግን እሱ ነው ልዩነቱን የሚያሳየው። ምኞት ብቻ ከሆነ በዚያው ሳምንት ባለሙያ ዘንድ ይወሰድ። ዕቅድ ወይም ሙከራ ካለ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። እስክትደርሱ ብቻውን አይተው። ቤት ውስጥ ያለ መድኃኒት ሁሉ፣ የአያትን የግፊት ክኒን ጨምሮ፣ የተባይ ማጥፊያና በረኪና ሳይቀር ቁልፍ ውስጥ ይግባ። ይህን ከልጁ ተደብቃችሁ አታድርጉት፤ "ስለምወድህ ነው የምቆልፈው" በሉት።

በዚያው ቀን የሚያስወስዱ ሌሎችም አሉ፦ የሌለ ድምፅ መስማት፣ ለቀናት አለመተኛት፣ ምግብና ውኃ እምቢ ማለት፣ ሰውነቱን ራሱ የቆረጠበትን ምልክት ማየት። አንድ ነገር ግን አትሳቱ። ትኩሳት ያለው ልጅ በድንገት ከቀባዠረ፣ ወይም ራሱን ተመትቶ ከዚያ ጠባዩ ከተለወጠ፣ ያ የማጅራት ገትር፣ የወባ ወይም የጭንቅላት ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ በፍጥነት አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ሌላ ቦታ ሳትሉ። ለውጡ በድንገት መጥቶ አንድን ሰው ወይም አንድን ቤት ከመፍራት ጋር ከተያያዘ ደግሞ የፆታ ጥቃትን አስቡ። አዲስ አበባ ውስጥ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ዓይነት ሕክምናውንም ፖሊሱንም አንድ ቦታ የሚያገኙበት ማዕከል አለ፤ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ስለሆነ ገላውን ሳታጥቡ፣ ሽማግሌ ሳትሰበስቡ ሂዱ።

የት እንሂድ? አማኑኤል፣ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታሉ፣ ስሙ እዚህ አዲስ አበባ ስድብ ሆኗል፤ "አማኑኤል ይወስዱሃል" እየተባልን ነው ያደግነው። ብዙ ወላጅ የሚዘገየው በዚህ አንድ ቃል ነው። አብዛኛው ታካሚ ግን ተመላላሽ ነው፤ ታይቶ፣ ቀጠሮ ይዞ ቤቱ ይሄዳል። ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስና ኤካ ኮተቤ የአእምሮ ሕክምና አላቸው፤ ከአዲስ አበባ ውጭ የጅማና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች አሉ። ወረፋ እንዳይመልሳችሁ ከቅርባችሁ ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ የሳይካትሪ ነርስ ያለበት ጤና ጣቢያ ካገኛችሁ መጀመሪያ እዚያ ይታያል፣ ካልሆነም ሪፈር ይጻፍላችኋል። የጤና መድን ያላችሁ ያለ ሪፈር ሄዳችሁ ከኪሳችሁ እንዳትከፍሉ። ሳይካትሪስት ሐኪም ስለሆነ መድኃኒት ያዝዛል፤ ሳይኮሎጂስት በንግግርና በልምምድ ያክማል፣ መድኃኒት አያዝም። ወደ ግል የምክር ማዕከል ከሄዳችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በዚህ ዕድሜ ካሉ ልጆች ጋር ሠርተዋል? ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር ምን ዓይነት ሕክምና ይሰጣሉ፣ በግምት ስንት ጊዜ? ከስንት ጊዜ በኋላ ለውጥ መኖር አለመኖሩን እንገመግማለን? "በሦስት ቀን አድነዋለሁ" ያላችሁን ትታችሁ ውጡ።

ለልጁ የምትናገሩትም ወሳኝ ነው። እኛ "አክስትህ ቤት እንሂድ" ብለን ልንወስደው ነበር፤ መምህሩ ከለከለን። ተታልሎ የመጣ ልጅ አፉን አይከፍትም። "ሆድህን ያመመህ እውነት ነው። አንዳንዴ ሐሳብ ሲበዛ ሆድ ያማል። ይህን የሚያውቅ ሐኪም አለ፣ መርፌ የለውም፣ ያወራሃል" ይበቃል። የመጀመሪያው ቀን ረዘም ይላል። ወላጅን ለብቻ፣ ልጁን ለብቻ ያነጋግራሉ፤ ስትወጡ "ምን አለ?" ብላችሁ አትጠይቁ። ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር ካለ ይነግሯችኋል፣ የተቀረው የሱ ነው። 25 ጥያቄ ያለበት ቅጽ ሊሰጧችሁ ይችላል፤ ወላጅና መምህር ይሞሉታል፣ 11 ዓመት ከሞላው ልጁም። በአማርኛ አለ። መልሱን ለማሳመር አትሞክሩ፤ "አንዳንዴ" ለማለት ስታመነቱ ደብተራችሁን ክፈቱ።

የተነገረን ጭንቀትና ከሱ በኋላ የመጣ ድባቴ ነው። ሕክምናው በሳምንት አንድ ቀን፣ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ፣ 14 ጊዜ ነበር። ያዳነው ነገር ምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ መሰላሉ እላለሁ። ልጁ ራሱ የሚፈራውን ከ0 እስከ 10 ነጥብ ሰጠው፤ ጣቱን እያነሣ። ዩኒፎርም ለብሶ መቆም 2። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ባዶ ግቢ መግባት 3። የሚወደው የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ላይ ብቻ፣ 40 ደቂቃ፣ መቀመጥ 5። እስከ ዕረፍት 6፣ እስከ ምሳ 7፣ ሙሉ ቀን 8። ሰኞ ሰልፍ 9። የእንግሊዝኛው ንባብ 10። ነጥቡ ወደ ግማሽ እስኪወርድ አንዱን ደረጃ ይደጋግማል፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። የጀመርነው ረቡዕ ነው፤ ሳምንቱ አጭር እንዲሆንለት።

ሕጉ አንድ ነው፦ የሚወጣው በተባለው ሰዓት ነው እንጂ ፍርሃቱ ጣሪያ ሲነካ አይደለም። 40 ደቂቃ ከተባለ 40 ደቂቃ። ጫፉ ላይ ሳለ ከወጣ ፍርሃቱ "አሸነፍኩ" ይላል፤ ከቆየ ግን ራሱ ይወርዳል፣ ልጁም መውረዱን በሰውነቱ ያውቀዋል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ እያለቀሰ ሲደውል ሄጄ አወጣሁት። ያንን ደረጃ እንደገና ለመውጣት ስድስት ቀን ፈጀብን። መምህሩ ሁለት ነገር አደረገ፦ "የት ጠፍተህ ነበር?" የሚል ጥያቄ በክፍል ፊት እንዳይነሣ ለሌሎቹ መምህራን ነገረ፣ አምስት ደቂቃ ውጭ የሚያስቆም ትንሽ ካርድ ሰጠው። ካርዱን ሁለት ጊዜ ብቻ ተጠቀመበት፤ መኖሩ ይበቃው ነበር። ከመሰላሉ ግርጌ እስከ ሙሉ ቀን አምስት ሳምንት ሄደ።

ድባቴው ስላልለቀቀው ፍሉኦክሴቲን ታዘዘለት፣ በ10 ሚሊ ግራም ተጀምሮ፣ ጠዋት ጠዋት። መሥራቱ የሚታወቀው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ በአሥረኛው ቀን "አልሠራም" ብላችሁ እንዳትጥሉት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ያጋጥማል። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ መቁነጥነጥ ከበዛ፣ እንቅልፍ ጨርሶ ከጠፋ ወይም የሞት ወሬ ከተመለሰ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ። ክኒኑን የሚሰጠውም የሚያስቀምጠውም ወላጅ ነው።

ሐምሌ ላይ ልጁ ሳቀ፣ በላ፣ ኳስ ሜዳ ዋለ። እኛም "ዳነ" ብለን መድኃኒቱን በገዛ ሥልጣናችን አቆምን። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቁርጠቱ ተመለሰ። ለካ ከዳነ በኋላም ቢያንስ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይቀጥላል፣ ሲቆምም በሐኪም፣ ቀስ በቀስ። ደግሞ የሚቆምበት ወቅት ይመረጣል፤ መስከረም ሊጠባ ሲል ወይም የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ሲቃረብ አይሆንም።

ሲመለስ ሐኪሟ አልተቆጣችም። ለልጁ ወረቀት ሰጥታ "ሊጀምርህ ሲል የምታውቅበትን ሦስት ምልክት ጻፍልኝ" አለችው። ከሦስቱ ሁለቱ ለሁለት ሳምንት ከታዩ ቀጠሮ ሳንጠብቅ እንድንደውል ተስማማን። ወረቀቱ ቁም ሣጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ተለጥፏል። "እሑድ ምሳ ስተው" ይላል የመጀመሪያው። "ኳስ ሲጠሩኝ ስዋሽ" ይላል ሁለተኛው። ሁለቱ በደብተራችን ነበሩ። ሦስተኛው ግን "ማታ ማታ የሰኞን ሰልፍ ስቆጥር" ይላል፤ ለካ በዚያ ሁሉ ወራት ተኝቷል ስንል እስከ ሰኔ የቀሩትን ሰኞዎች እየቆጠረ ነበር።